ስለ ተራራ ሩጫ ሥርዓት

ኢትዮጵያውያን ሯጮች ስለ ምን ያሸንፋሉ ተብሎ በተጠየቀ ጊዜ፣ ለመልስ የሚቸኩል ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠራው የሀገራችንን ከፍታ ነው፤ አየሩ ስስ፣ ተራራው ብዙ፣ ሕዝቡም በደጋ የተወለደ ስለ ሆነ ሩጫ ከእናቱ ማሕፀን ጋራ አብሮት የመጣ ጸጋ ነው ይላል። ይህ አነጋገር ከፊሉ እውነት ቢሆንም፣ ሙሉ እውነት ተደርጎ ከተወሰደ ግን የሠራተኛውን ድካም ለመሬቱ አሳልፎ የሚሰጥ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል፤ ከፍታ ብቻውን ሯጭ የሚወልድ ቢሆን ኖሮ በደጋ የሚኖር ሁሉ ባለ ሜዳሊያ በሆነ ነበርና። እኔ በቡታጅራና በወልቂጤ መካከል በተዘረጋው በጉራጌ ተራራ ላይ ራሴም ስሮጥ፣ ከእኔ በኋላ የመጡትንም ወጣቶች ሳሠለጥን ከኖርሁበት ሥራ የተማርሁት ነገር ቢኖር፣ ተራራ ለሯጭ የሚሰጠው ጥቅም ሁሉ በሥርዓት ለሚቀበለው ብቻ መሆኑንና፣ የሥርዓቱም መጀመሪያ ለዳገቱ፣ ለቁልቁለቱና ለሜዳው የሚገባውን ሥራ ለይቶ መስጠት መሆኑን ነው።

የሀገሩ አቀማመጥ ለዚህ ትምህርት የተመቸ ነው። ቡታጅራ በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ግድግዳ ግርጌ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ግድም በሚሆን ስፍራ ተቀምጣ፣ በስተ ምዕራብ በኩል ከ3,700 ሜትር በላይ ከፍ የሚለውን የዘቢዳርን ተራራ እንደ ተደገፈች ትኖራለች፤ ከዚህ ሰንሰለት በምሥራቅ የሚወርደው ውኃ በመቂ ወንዝ አድርጎ ወደ ዝዋይ ሐይቅ ሲገባ፣ በምዕራብ የሚወርደው ደግሞ በዋቤ አድርጎ ወደ ጊቤ፣ ከዚያም ወደ ኦሞ ይፈስሳል። ወልቂጤ በበኩሏ በተራራው ማዶ፣ በጅማ መንገድ ላይ፣ 1,900 ሜትር ግድም በሚሆን ከፍታ ተቀምጣለች፤ ከእርሷም አልፎ መንገዱ ወደ ጊቤ ሸለቆ ሲወርድ 1,100 ሜትር ግድም እስኪደርስ ድረስ ይቆለቆላል። እንግዲህ በአንድ ቀን የአውቶቡስ ጉዞ ውስጥ ውርጭ የሚመታውን የገብስ ማሳና ላብ የሚያስጠምቀውን ቆላ አከታትሎ ማግኘት የሚችል ሯጭ፣ በሌላው ዓለም ብዙ ገንዘብ የሚከፈልበትን ዕድል በነጻ አግኝቷል ማለት ነው።

ከፍታ በሥጋችን ላይ የሚሠራውን ሥራ ሐኪሞች አጥርተው ገልጸውታል። በአየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ በባሕር ጠረፍም በዘቢዳር ራስም አንድ ነው፤ የአየሩ ግፊት ግን ከፍ ባሉ ቁጥር እየቀነሰ ስለሚሄድ፣ በተራራው ራስ ላይ የሚተነፍስ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን በባሕር ጠረፍ ከሚያገኘው ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው። ኩላሊት ይህን ጉድለት ባወቀ ጊዜ ቀይ የደም ሕዋሳት እንዲበዙ የሚያዝዘውን ሆርሞን ያመነጫል፤ በሳምንታትም ውስጥ ደሙ ኦክስጅን የመሸከም ኃይሉ ያድጋል። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. ማሞ ወልዴ በሜክሲኮ ከተማ፣ በ2,240 ሜትር ከፍታ ላይ፣ የማራቶንን ድል በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ በተቀዳጀበት ኦሊምፒክ፣ በቆላ ሀገር የሠለጠኑ ስመ ጥር ሯጮች ትንፋሽ አጥሯቸው ሲንገዳገዱ ዓለም ስለ ተመለከተ፣ ከዚያ ወዲህ የከፍታ ነገር የስፖርት ሊቃውንት ሁሉ መነጋገሪያ ሆኖ ቀረ።

ነገር ግን ሜክሲኮን የሚጠቅስ ሰው ሮማንና ቶኪዮን መርሳት አይገባውም። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ፣ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ደግሞ በቶኪዮ ያሸነፈው አየር በማይሳሳበት ዝቅተኛ ስፍራ ነበር፤ በዚያም ያደረሰው፣ በስዊድናዊው በኦኒ ኒስካነን አሠልጣኝነት ፈጣኑን ሩጫ ከረጅሙ፣ ጫካውን ከመንገዱ ጋራ እያሰናኘ የተፈጸመ ልምምድ ነው። ከፍታ ደምን ሲያበለጽግ እግርን ያዘገያልና፤ አየሩ በሳሳበት ስፍራ ሯጩ የውድድሩን ፍጥነት ይዞ ሊቆይ ስለማይችል፣ ዘወትር በተራራ ራስ ላይ ብቻ የሚሮጥ ሰው ትንፋሹ እየጠነከረ እግሩ ግን ፍጥነትን እየረሳ ይሄዳል። ሌቪንና ስትሬይ ጉንደርሰን የተባሉት ተመራማሪዎች በ1997 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት፣ በ2,500 ሜትር ግድም እየኖሩ በ1,250 ሜትር ግድም የሠለጠኑ ሯጮች፣ ኑሯቸውም ልምምዳቸውም በከፍታ ከሆነው ይልቅ በሩጫቸው መሻሻላቸውን አሳይቷል። በጉመርና በእዣ ደጋ እያደረ ለፍጥነት ልምምድ ወደ ወልቂጤና ወደ ጊቤ በኩል የሚወርድ ወጣት ይህንኑ ሥርዓት በእጁ ይዞታል፤ የሚጎድለው ዕውቀቱና መርሐ ግብሩ እንጂ መሬቱ አይደለም።

ዳገት የትንፋሽ መምህር ነው፤ ተማሪውን የሚቀጣውም ገና በመጀመሪያው ሰዓት በታየበት ትዕቢት ነው። ከቡታጅራ ተነሥቶ ወደ ዘቢዳር የሚወጣ ሯጭ፣ የእንሰቱን ጓሮና የባሕር ዛፉን ጥላ አልፎ ወደ ገብሱ ማሳ፣ ከዚያም አስታ ወደ በቀለበት ብርዳም ስፍራ እስኪደርስ ድረስ ወደ 1,600 ሜትር ቀጥ ብሎ ይወጣልና፣ ከግርጌው በጉልበት የተወራጨ ሰው ከወገቡ ላይ ቆሞ ይቀራል። ስለዚህ ለወጣቶቹ የምሰጠው መለኪያ ቀላል ነው፤ ከጓደኛህ ጋራ ሳትቆራረጥ ልትነጋገር ካልቻልህ ፈጥነሃልና ቀንስ እላቸዋለሁ። እርምጃው አጭር፣ ደረቱ የተከፈተ፣ ዓይኑም ከፊቱ ጥቂት እርምጃ ያህል የሚያይ ይሁን። ዳገቱ እጅግ በቀናበት ስፍራ ደግሞ እጅን በጉልበት ላይ አኑሮ መራመድ ይገባል፤ በዚያ ስፍራ የሚሮጠውና ፈጠን ብሎ የሚራመደው እኩል ሊደርሱ ሲችሉ፣ የሚራመደው ግን ልቡ ሳይደክም ይደርሳልና። ይህን ትምህርት ወጣቶች በቀላሉ አይቀበሉትም፤ «ጋሼ፣ ሯጭ ሆኖ መራመድ አያሳፍርም?» ብሎ የሚጠይቀኝ አይታጣም። እኔም የሚያሳፍረው ጉልበትን ከግርጌ በትኖ ከራስ ላይ መለመን እንደ ሆነ እነግረዋለሁ።

ከዳገቱ ይልቅ ሯጭን የሚያታልለው ግን ቁልቁለቱ ነው። ሲወርዱ ትንፋሽ ይቀልላል፣ እግር ይፈጥናል፣ ልብም ደስ ይለዋል፤ ነገር ግን ቁልቁለት እንደ አራጣ ብድር ነው፣ ዛሬ በደስታ የተቀበሉትን በሦስተኛው ቀን ከወለዱ ጋራ ያስከፍላል። ምክንያቱም የጭኑ ጡንቻ በዚያ ጊዜ የሚሠራው እየተኮማተረ ሳይሆን እየተለጠጠ የሰውነትን ክብደት በመግታት ስለ ሆነ፣ ጥቃቅን ክሮቹ እየተጎዱ ሕመሙ በማግሥቱና በሠልስቱ ይበረታል። የዚህም መድኃኒቱ ከቁልቁለት መሸሽ ሳይሆን በጥቂት በጥቂቱ መልመድ ነው፤ አንድ ጊዜ በልኩ የተጎዳ ጡንቻ ራሱን አጠንክሮ ስለሚጠብቅ፣ ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ያህል ያንኑ ቁልቁለት በቀለለ ሕመም ይችለዋል። አረማመዱም በጥንቃቄ ይማሩት፤ ተረከዝን አስቀድሞ ሰውነትን ወደ ኋላ መጣል ጉልበትን ይሰብራል፤ ይልቁንም ጉልበትን ጥቂት አጠፍ አድርጎ፣ እርምጃን አሳጥሮና አብዝቶ፣ እጅን ለሚዛን ዘርጋ አድርጎ መውረድ ይገባል። በክረምት ዋልካው መሬት ጫማን እየያዘ ስለሚያከብደው፣ በጠጠርና በቀይ አፈር ላይ ያለውን ቁልቁለት መምረጥ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው መሬት፣ የጉራጌ ሀገር ከሌላው ሁሉ የሚለይበት፣ ጀፎረ ነው። በየመንደሩ መካከል ቀጥ ብሎ የተዘረጋ፣ ወርዱ ከብዙ ከተማ ጎዳና የሚበልጥ፣ ሣር የለበሰ፣ በግራና በቀኙም ጎጆዎቹ በረድፍ የቆሙበት ይህ የጋራ አደባባይ፣ ሽማግሌዎች ፍርድ ሲሰጡበት፣ ሰርግና ለቅሶ ሲውልበት፣ ፈረስ ሲጋለብበትና ከብት ሲግጥበት የኖረ የአባቶች ጥበብ ነው። ሣሩን ከብቱ እያጨደው፣ አፈሩንም የእንሰቱ ጓሮ ጥላና የደጋው ዝናብ እያረጠበው ስለሚኖር፣ ለሯጭ እግር ከዚህ የተሻለ ምንጣፍ አላውቅም። አስፋልት በየእርምጃው የሚመታውን ጅማትና አጥንት ሣር ያሳርፈዋል፤ መሬቱ ጥቂት ወጣ ገባ ስለ ሆነም ቁርጭምጭሚቱ ሳይታወቀው ይጠነክራል። ከተራራ መልስ ያለውን የዝግታ ሩጫ፣ ሰውነት ማሟሟቁንና አጫጭር የፍጥነት ልምምዱን ሁሉ እዚያ ላይ እናደርጋለን፤ ሕፃናትም ከኋላችን እየተከተሉ ስለሚሮጡ፣ ከእነርሱ መካከል እግሩ የቀለለውን ለመለየት ሌላ ፈተና አያስፈልገንም።

በባሕር ዛፍ ጫካ ውስጥ ስንሮጥ ደግሞ በተርታ ሆነን እንከታተላለን፤ የፊተኛው በዛፎቹ መካከል እየተጠማዘዘ መንገድ ያወጣል፣ የኋለኛው የፊተኛውን እግር እያየ ይረግጣል፣ መሪውም በየተራ ይለወጣል። ይህ ልማድ ከእንጦጦና ከሱሉልታ ጀምሮ በሀገራችን ሯጮች ዘንድ የታወቀ ሲሆን፣ ትርፉ ብዙ ነው፤ ደካማው ከብርቱው ጋራ ትንፋሹን ያስተካክላል፣ ብርቱውም ለደካማው ሲል ራሱን መግታት ይማራል። ዛሬ ዛሬ ወጣቶቹ ጂፒኤስ ያለው ሰዓት በእጃቸው አስረው ይመጣሉ፤ መሣሪያውን አልነቅፈውም፤ ነገር ግን በዳገት የተሮጠ አንድ ኪሎ ሜትርና በሜዳ የተሮጠ አንድ ኪሎ ሜትር በስም እንጂ በሥራ አንድ ስላልሆኑ፣ በተራራ ላይ ልምምድን በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሰዓትና በትንፋሽ መመጠን ይገባል። ሳምንቱንም እንዲሁ እናከፋፍለዋለን፤ ለረጅሙ ዳገት አንድ ቀን፣ ለፍጥነት አንድ ወይም ሁለት ቀን፣ የቀረው ለዝግታ፣ አንዱ ቀን ደግሞ ፈጽሞ ለዕረፍት ይሆናል፤ ሰውነት ኃይልን የሚያከማቸው በድካሙ ሰዓት ሳይሆን ከድካሙ በኋላ በሚያርፍበት ሰዓት ነውና። ስንቃችን በውኃ የተበጠበጠ የገብስ በሶና ማር ነው፤ ከልምምድ መልስ ደግሞ ቆጮ ከጎመንና ከአይብ ጋራ የጎደለውን ኃይል ይመልሳል።

ረጅም መንገድ በተራራ ላይ በእግር ማቋረጥ ለዚህ ሀገር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። የጉራጌ ሕዝብ በ1950ዎቹ ዓ.ም. የመንገድ ሥራ ድርጅት አቋቁሞ፣ ከየኪሱ ገንዘብ አዋጥቶ መንገድ ማስጠረግ ሳይጀምር በፊት፣ ነጋዴውና ሠራተኛው አዲስ አበባ የሚደርሰው በእግሩ ነበር፤ ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 ቀን ወደ ምድረ ከብድ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም የሚጓዘው ምእመን፣ እንዲሁም ወደ አብረት የሚጓዘው ሙስሊም፣ ትዕግሥትንና የእግርን ቁጠባ ከማንም አሠልጣኝ ሳይማር ያውቃቸዋል። በውጭው ዓለም ይህ ነገር ውድድር ሆኖ ከተደነገገ ቆይቷል፤ በደቡብ አፍሪካ 90 ኪሎ ሜትር ግድም የሚሮጥበት ኮምሬድስ በ1921 እ.ኤ.አ. ሲጀመር፣ የሞን ብላንን ተራራ ዙሪያ 170 ኪሎ ሜትር ያህል የሚያዞረው ውድድር ደግሞ በ2003 እ.ኤ.አ. ተጀምሯል። የእኛ ወጣቶች ግን እንጀራቸውን የሚያገኙት ከጎዳና ውድድር ስለ ሆነ፣ ብዙዎቹ ተራራውን የሚሹት ለራሱ ለተራራው ክብር ሳይሆን ለማራቶን ዝግጅት ነው፤ እኔም በዚህ አልወቅሳቸውም፤ አንድ መምህር ተማሪው በሌላ ስፍራ ተሾመ ብሎ አይከፋምና።

የምወቅሰው ሌላ ነገር ነው። ጀፎረው በየጊዜው በአጥርና በባሕር ዛፍ ተከላ እየጠበበ፣ በአንዳንድ ስፍራም ለግል ይዞታ እየተቆረሰ ሲሄድ እናያለን፤ በሌላ በኩል ደግሞ ስለ ስፖርት እድገት በተነገረ ቁጥር የሚመኘው ሁሉ ስታዲየም ነው። ስታዲየም መልካም ነው፤ ነገር ግን ብዙ ገንዘብና ብዙ ዓመት ይጠይቃል፤ ጀፎረን ግን ለመጠበቅ የሚያስፈልገው አባቶች የደነገጉትን ድንበር ማክበር ብቻ ነው። ከፍታው ከፈጣሪ ተሰጥቷል፣ ማንም ሊወስደው አይችልም፤ ሣሩ ግን ከአባቶች የተሰጠ አደራ ስለ ሆነ በእኛ እጅ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ በቡታጅራም ሆነ በወልቂጤ ሯጭ እንዲበዛ የሚሻ ሹም ወይም ሽማግሌ ምን ላድርግ ብሎ ቢጠይቀኝ፣ መልሴ አጭር ነው፤ አስቀድመህ አጥሩን ከጀፎረው አንሣ፣ ቀጥሎም ዳገትን ከቁልቁለት፣ ድካምንም ከዕረፍት ለይቶ የሚያስተምር አንድ አሠልጣኝ በየወረዳው አቁም፤ ተራራው የሚገባውን ሥራ ከጥንት ጀምሮ ሲሠራ ኖሯል፣ አሁን ተራው የእኛ ነው።