እስክስታ ከዘመናዊ ዳንስ ጋር ሲገናኝ፦ ጥሩውን ሥራ እንዴት እንለየው?

ከደቡብ ጎንደር፣ ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ተነሥቶ አዲስ አበባ ወይም ባሕር ማዶ መድረክ ላይ የወጣ እስክስታ ሁሉ ጥሩ ሥራ አይደለም። ዘመናዊ ኮሪዮግራፈር ከአንድ ማኅበረሰብ ጋር ሲሠራ ጭብጨባ አያጣም። ከባዱ ባህሉን የሚያውቅ ሰው አይቶት «ይኼስ የኛ ነው» እንዲል ማድረግ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ሳይ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ በግንኙነቱ የተለወጠው ማን ነው? ውዝዋዜው ብቻ ተለውጦ ባለሙያው እንደ ነበረ ከቀረ፣ ያ ትብብር ሳይሆን መውሰድ ነው። ይህን ለመለየት የሚረዱ አምስት ነገሮች እነሆ።

ትንፋሹ። ጎበዝ እስክስታ ወራጅ ትከሻውን ብቻ አያንቀሳቅስም። እንቅስቃሴው ከደረት ይነሣል፤ በጥርስ መሃል «እስስ» እያለ የሚወጣው ትንፋሽ ምቱን ይይዛል፤ ጉልበት ላላ ይላል፤ አንገት ትከሻን ተከትሎ ይመልሳል። በደካማ ሥራ ግን እግር እንደ ባሌ ይዘረጋል፣ ሰውነት ይሽከረከራል፣ ትከሻው በመጨረሻ እንደ ቅመም ይነሰነስበታል። ስለዚህ ከፊት ረድፍ ተቀምጠው ትንፋሹን ያዳምጡ። ካልተሰማ ይጠራጠሩ።

ክቡ። ሠርግ ቤት ሰው ክብ ሠርቶ ይቆማል፤ አውራጁ ዘፈኑን ያወርዳል፣ ተቀባዩ ይቀበላል፣ ጭብጨባውና እልልታው የጨዋታው አካል ነው። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ይመልሳል፤ የመልሱ ውበት አስቀድሞ አለመታወቁ ነው። መድረክ ላይ ሁሉም አንድ ዓይነት ለብሶ፣ በአንድ መስመር ወደ ተመልካች ዞሮ እኩል ሲመታ ግጥሚያው ይሞታል። ጥሩ ኮሪዮግራፈር ለዚያ መልስ ቦታ ይተዋል። መሰንቆውና ከበሮው በአካል ካሉ ደግሞ ወራጁ ሲግል አብረውት ይግላሉ፤ የተቀዳ ሙዚቃ ይህን አያደርግም።

አገሩ። «የጎንደር እስክስታ» የሚለው መግለጫ አይበቃም። እስቴ ዓባይን ተሻግሮ ከጎጃም ጋር ይተያያል፤ ላይ ጋይንት በምሥራቅ የወሎ ጎረቤት ነው። እንዲህ ባለ ድንበር ላይ ዘፈንም ትከሻም ይወራረሳል። ስለዚህ የየትኛው ወረዳ፣ የየትኛው ጨዋታ፣ ከማን የተማሩት እንደሆነ ይጠይቁ። በዐሥር ደቂቃ የአገሩን ውዝዋዜ ሁሉ የሚያስጎበኝ ሥራ አንዱንም በቅጡ አላወቀም ማለት ነው።

ወሰኑ። ይህ አገር የቤተ ክርስቲያን ዜማም አገር ነው። ድጓ በቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት በዙር አምባ፣ ሁለቱም በጋይንት ይመሰከራሉ። መቋሚያና ጸናጽል ለድምቀት ተብለው መድረክ ላይ የሚወጡ ዕቃዎች አይደሉም፤ ይህን ወሰን የሚያከብር ባለሙያ ማኅበረሰቡን እንደሰማ ያስታውቃል። አገሬው ግን አዲስ ነገር አይጠላም። አለቃ ገብረ ሐና በ19ኛው መቶ ዓመት ያመጡት፣ በልጃቸው ስም «የተክሌ» የተባለው አቋቋም መጀመሪያ የጎንደር ሊቃውንት አልተቀበሉትም ይባላል፤ ዛሬ ግን የደብረ ታቦር መታወቂያ ነው። ፈጠራው የጸናው አዲስ ነገር ያመጣው ሰው አሮጌውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ስለነበረ ነው።

ወራሹ። የመጨረሻው ጥያቄ ሥራውን ማን ይወርሰዋል የሚለው ነው። ሩት እሼል እስራኤላዊት ዳንሰኛና ተመራማሪ ናት። እ.ኤ.አ. በ1995 በሃይፋ ዩኒቨርሲቲ ከቤተ እስራኤል (ከኢትዮጵያ አይሁዳውያን) ተማሪዎች ጋር «እስክስታ» የተባለውን ቡድን መሠረተች፤ በ2005 ደግሞ «ቤታ» የተባለው ቡድን ተከተለ። ብዙዎቹ የማኅበረሰቡ አባላት መሠረታቸው ከጎንደር ምድር ነው። እሼል የማኅበረሰቡን ጭፈራና የቄሶቹን የጸሎት እንቅስቃሴ አጥንታ መዝግባለች። ለእኔ ትልቁ ማስረጃ ግን ኢትዮጵያ የተወለደችው ደጌ ፌደር በእሼል ቡድን ስትጨፍር ቆይታ በኋላ የቤታ መሪና ኮሪዮግራፈር መሆኗ ነው። በአዲስ አበባም እንግሊዛዊው ኮሪዮግራፈር ሮይስተን ማልዱም እ.ኤ.አ. በ1996 ከጎዳና ልጆች ጋር የጀመረው ሥራ «አዱኛ» የተባለውን የዳንስ ቡድን ወለደ። ከዚያ የወጣው ጁናይድ ጀማል ሰንዲ ከጃፓናዊው ኮሪዮግራፈር ሳቡሮ ተሺጋዋራ ጋር ሠርቶ፣ ከአዲሱ ደምሴ ጋር «ዴስቲኖ» የተባለውን የዳንስ ቡድን አቋቋመ። እንግዳው ሲሄድ የአገሬው ልጅ ሥራውን ይዞ ከቀጠለ፣ ትብብሩ እውነተኛ ነበር።

ስለዚህ ትርኢቱ አልቆ መብራት ሲበራ ፕሮግራሙን ገልጠው ያንብቡ። የኮሪዮግራፈሩ ስም በትልቁ ተጽፎ ያስተማሩት አውራጆችና አዝማሪዎች «የአካባቢው ነዋሪዎች» ተብለው ከታለፉ፣ ሥራው የቱንም ያህል ቢያምር ዕዳ አለበት። ከመድረኩ አንድ እንቅስቃሴ ተመልሶ የጋይንቷ ነፋስ መውጫ ሠርግ ቤት ገብቶ ወጣቶች ቢወርዱበት ግን ከየትኛውም ሽልማት የሚበልጥ ምስክር ነው፤ የሰጠው ሕዝብ መልሶ ተቀብሎታልና።