ሆዱን ገልብጣችሁ እዩት

ላፕቶፑ ዲላ መናኸሪያ አካባቢ ባለች ጠባብ የጥገና ቤት ውስጥ ጠረጴዛ ላይ በደረቱ ተደፍቷል። ወጣቱ ባለሙያ ካቻቢቴውን አንስቶ የመጀመሪያውን ብሎን ጥቂት ዞር ዞር አደረገውና ተወው። ብሎኑ ላላ እንጂ አልወጣም። ሁለተኛውም ሦስተኛውም እንደዚያው። ስንት ላፕቶፕ ሲፈታ አይቻለሁ፤ ብሎኖቹ የሲኒ ማስቀመጫ ላይ ይደረደራሉ፣ አንዱ ተንከባሎ ጠረጴዛ ስር ይገባል፣ ሁለት ሰው ተንበርክኮ ይፈልገዋል። እነዚህ ግን በመክደኛው ላይ በቀለበት ተይዘዋል፤ ላልተው እዚያው ይቆያሉ። ሠሪው አንድ ነገር አስቀድሞ ገብቶታል ማለት ነው፦ ይህ ዕቃ አንድ ቀን ይከፈታል፣ የሚከፍተውም ሰው ያሉት ሁለት እጆች ብቻ ናቸው።

የብሎኑ ቦታ ስድስት ነው። ስድስተኛው ባዶ ነበር። ወደሱ እመለሳለሁ።

ዕቃው ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ480 ይባላል። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2018 ለገበያ የቀረበ የመሥሪያ ቤት ላፕቶፕ ነው፤ አዲስ ሳለ በየድርጅቱ ጠረጴዛ ላይ ከርሞ፣ ድርጅቱ ሲለውጠው ወደ ዩዝድ ገበያ ይወጣል። እዚህ ጠረጴዛ ላይ ያደረሰው የእህቴ ልጅ ነው። ይርጋጨፌ ተምሮ ምድቡ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ሲወጣለት፣ ከፍራሽና ከብርድ ልብስ በፊት የጠየቀው ላፕቶፕ ነበር። የፈለገውም ዓይነት ነበረው፦ ኪቦርዱ ቀይና ሰማያዊ የሚያበራ፣ ጀርባው ላይ ዘንዶ የተሳለበት። «ጋሼ፣ ጌም ካልተጫወተማ ምኑን ላፕቶፕ ሆነ?» አለኝ። ጌም ሲል ከዶርም ልጆች ጋር የሚጫወተውን እግር ኳስ፣ ፔስን ማለቱ ነው፤ ሲመሽ ደግሞ ሳን አንድሪያስ።

ገንዘቡ የእናቱ ነው። እህቴ ዓመታት የኖረችው በቡና ለቀማ ነው፤ ቡና ከፊቷ ተዘርግቶ ጥቁሩን፣ የተቀጠቀጠውን፣ ነቀዝ የበላውን በጣቷ እያነሳች። ስለ ኮምፒውተር የምታውቀው ነገር የለም። ዕቃ ማየት ግን ታውቃለች። ዋጋውን እዚህ አልጽፍም፤ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ ብር በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ዛሬ የጻፍኩት ቁጥር ነገ ያሳፍረኛል።

መጀመሪያ ባለ ዘንዶውን አየነው። እህቴ ክዳኑን በአንድ ማዕዘን ይዛ ቀስ ብላ አነሳችው። ክዳኑ ተጣመመ፤ የያዘችው ማዕዘን ቀድሞ ተነሳ፣ ሌላው ወደኋላ ቀረ፣ መሀሉ ላይ ሲጥ አለ። «ይሄ አሁኑኑ ያቃስታል» ብላ መለሰችው። ከዚያ ቲ480ውን በዚያው ማዕዘን አነሳችው። ክዳኑ እንደ አንድ ገበታ ሙሉውን ተነሳ። ወደኋላ ስትገፋው እስከ መጨረሻው ሄዶ ጠረጴዛው ላይ ጠፍጣፋ ተኛ። ልጁ ፊቱን አጠቆረ።

እሷ በጣቷ ያገኘችውን ባለሙያው በቃል አስረዳን። በርካሽ ላፕቶፕ ውስጥ የማጠፊያው ብረት የሚታሰረው ፕላስቲክ ውስጥ በተቀበሩ ጥቃቅን የነሐስ ማቀፊያዎች ላይ ነው። ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር ብረቱ ማቀፊያውን ይስባል፤ አንድ ቀን ማቀፊያው የፕላስቲኩን ቁራሽ ይዞ ይነቀላል። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ማጣበቂያና ሽቦ ነው። በዚህኛው ማጠፊያው ጠንካራ ብረት ነው፤ አያያዙም ከባድ ነው። አንድ ማጠፊያ በተማሪ እጅ በቀን አሥር ጊዜ ቢከፈት በአራት ዓመት ከአሥራ አራት ሺህ ጊዜ በላይ ይሆናል። የኪቦርዱ መብራት ከዚያ አያድነውም።

አሁን ኪቦርዱን እንየው፤ እኔ ብዙ የቆየሁት እዚህ ነው። እያንዳንዱ ቁልፍ የታችኛው ጠርዙ ፈገግ እንዳለ ከንፈር ክብ ነው። ጣት ቦታውን ስቶ ወረድ ብሎ ቢያርፍ እንኳ ትክክለኛውን ፊደል ያገኛል። ገጹ በመጠኑ ሰርጎድ ያለ ነው፤ ጣት መሀሉን ሳያይ ያውቀዋል። ስር ደግሞ ቀዳዳዎች አሉ፤ ውሃ ቢደፋበት በእነዚያ በኩል ወደ ታች እንዲወርድ የተተው ናቸው። በጌዴኦ ምድር ላፕቶፕ የሚያሰጋው ውሃ ሳይሆን ቡና ነው፣ ያውም ስኳር የገባበት፤ ያ ቀዳዳው ጋ ከመድረሱ በፊት ቁልፎቹን ያጣብቃል። ቢሆንም ሲበላሽ ኪቦርዱ ብቻውን ይወጣል፣ ሌላ ይገባል። በብዙ ርካሽ ላፕቶፖች ኪቦርዱ ከላይኛው አካል ጋር በቀለጠ ፕላስቲክ ነጥቦች ተበይዷል፤ ለአንድ ፊደል ሲባል ግማሽ አካል ይቀየራል።

የእኛው ኪቦርድ የጀርመን ነው። ዋይና ዜድ ቦታ ተለዋውጠዋል። ቁልፎቹን ወደ ብርሃን አዘንብዬ ሳያቸው ኢ እና ኤን ከሁሉም በላይ አብለጭልጨዋል፤ በጀርመንኛ ጽሑፍ በብዛት የሚመላለሱት ሁለቱ ፊደላት ናቸው። የክፍተት ቁልፉ ያበራው በቀኝ በኩል ብቻ ነው፤ ሰውዬው በቀኝ አውራ ጣቱ ነበር የሚመታው። ማን እንደሆነ አላውቅም፤ እጁን ግን አውቀዋለሁ። ፊደሎቹ ግን አልጠፉም። ገጹ አበራ እንጂ ጽሑፉ እንዳለ ነው።

ወደ ባትሪው ስንመጣ ልጁም ማኩረፉን ተወ። ቲ480 ሁለት ባትሪ አለው። አንዱ ሆዱ ውስጥ የተቀመጠ 24 ዋት ሰዓት የሚይዝ ነው፤ ሌላው ከኋላ በሁለት መቆለፊያ ተገፍቶ የሚወጣ፣ 24 ወይም 48 ወይም 72 የሚይዝ። ላፕቶፑ ሲሠራ መጀመሪያ የውጪውን ይጨርሳል፤ የውስጡን ለክፉ ቀን ያቆያል። የውጪው ሲያልቅ አውጥቶ ሌላ መክተት ይቻላል፣ ላፕቶፑ ሳይጠፋ። ባለሙያው ፊታችን አደረገው፤ ቪዲዮ እየሄደ ባትሪውን ነቀለ፣ ሌላ ከተተ፤ ድምፁ እንኳ አልተቆረጠም። ይህን የሠሩት መሐንዲሶች ያሰቡት ከአውሮፕላን አውሮፕላን የሚሮጥ ነጋዴ ይሆናል። የተሠራው ግን ለኛ ይመስላል። መብራት በማታ ሄዶ በማግስቱ በሚመለስበት ቦታ አሳይመንት ያለበት ልጅ የዚህን ነገር ዋጋ ከማንም በላይ ያውቀዋል።

ስሌቱ ቀላል ነው። 72 እና 24 ሲደመር 96 ዋት ሰዓት። ሲጻፍበትና ሲነበብበት ስምንት ዋት ቢበላ አሥራ ሁለት ሰዓት ማለት ነው፤ ጌም ላይ ሠላሳ ዋት ቢበላ ከሦስት ሰዓት ብዙም አያልፍ። ይህ ግን ባትሪው አዲስ ሲሆን ነው። ዩዝድ ስትገዙ ሻጩ «አምስት ሰዓት ይቆያል» ሲላችሁ አትከራከሩ፤ ዊንዶውስ ራሱ የባትሪ ሪፖርት ያወጣል፣ እሱን ጠይቁ። ሪፖርቱ ባትሪው አዲስ ሳለ ይይዝ የነበረውንና አሁን ሞልቶ የሚይዘውን ጎን ለጎን ያስቀምጣል። የእኛ የውጪው ባትሪ 24 የነበረው 17 ቀርቶታል። እህቴ ቁጥሩን ሰምታ ዋጋ አስቀነሰች።

ሌላም ያስገረመኝ ነገር አለ። ባለሙያው መክደኛውን ከመፍታቱ በፊት ላፕቶፑ ገና ሲነሳ በሚመጣው ሰማያዊ ገጽ ገብቶ የውስጡን ባትሪ አጠፋው። ባትሪው ሳይነቀል ይተኛል፤ ቻርጀር እስኪሰካ አይነቃም። የሚከፍተው ሰው ካቻቢቴው ቢያዳልጠው ሰሌዳው እንዳይቃጠል ነው። ደግ ሥራ ስል እንዲህ ያለውን ነው።

መክደኛው ተነሳ። ራሙ ይታያል፣ ኤስኤስዲው ይታያል፣ ማራገቢያው ይታያል፤ ሁሉም በየራሱ ቦታ፣ አንዱን ለማውጣት ሌላውን መንካት አያስፈልግም። ስለ ጌዴኦ ማሳ ማሰብ ጀመርኩ፤ ዩኔስኮ በመስከረም 2016 የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ከትክል ድንጋዮቹ ጋር ያነሳውን ያንን አስተራረስ። ከላይ ትልቁ ዛፍ፣ ከስሩ እንሰት፣ ከእንሰቱ ጋር ቡና። የደረሰው እንሰት ይነቀላል፣ ሌላ ይተከላል፣ ዛፉ ግን አይነካም። ይህን ለባለሙያው ብነግረው ሳቀብኝ፤ እሱ የሚያየው ራም ማስገቢያው ሁለት መሆኑን ነው።

የጌሙ ጉዳይም ያለው እዚያ ነው። ይህ ላፕቶፕ ለብቻው የቆመ የጌም ካርድ የለውም፤ ጥቂቶቹ ኤምኤክስ150 የሚባለውን አነስተኛ ካርድ ይዘው ይመጣሉ፣ የእኛው አልያዘም። ምስሉን የሚሠራው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ዩኤችዲ 620 ነው። የራሱ ሜሞሪ ስለሌለው ከራሙ ይበደራል። ራሙ አንድ ብቻ ሲሆን መንገዱ አንድ ነው፤ ጨዋታ ሲያልቅ ሕዝቡ ሁሉ በአንድ በር እንደሚወጣበት ሜዳ። ሁለት እኩል ራም ሲገባ ሁለተኛው በር ይከፈታል። የእኛው ባለ አንድ ስምንት ጊጋ ነበር፤ ሌላ ስምንት ጊጋ ዲዲአር4 ተጨመረለት። ፔስ 2017 ሲንቀጠቀጥ የነበረው ለሰለሰ። ሳን አንድሪያስ እንደ ፈረንጆቹ በ2004 የወጣ ጌም ነው፣ እሱማ ምን ችግር አለው። የዘንድሮዎቹ ትልልቅ ጌሞች ግን አይሄዱበትም። ይህን ለልጁ ሳልሸፋፍን ነግሬዋለሁ።

ስለ ተለጣፊው ጽሑፍ አንድ ነገር ልበል። ሻጭ «አይ ሰቨን ነው» ሲል ብዙ ሰው ኪሱ ይከፈታል። ቁጥሩን ግን ተከትላችሁ አንብቡ። የስድስተኛው ጀነሬሽን አይ ሰቨን 6600ዩ ሁለት ኮር ብቻ አለው፤ የስምንተኛው አይ ፋይቭ 8250ዩ አራት አለው። ዊንዶውስ 11ም ከኢንቴል በይፋ የሚቀበለው፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ከስምንተኛው ጀምሮ ነው፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል። ስለዚህ ወሰኑ ስምንት ነው። ከቲ480 ጋር በአንድ ዓመት የወጣው የኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ5ም ወሰኑን ያልፋል፤ አካሉ አሉሚኒየም ነው፣ እሱን የመረጠ አልተሳሳተም። ባትሪው ግን እየሮጠ አይቀየርም።

ጉድለቱንም አልሸሽግም። ቲ480 ቻርጅ የሚያደርገው በዩኤስቢ ሲ ብቻ ነው፣ ቀዳዳዎቹም ዋናው ሰሌዳ ላይ ተበይደዋል። ሁሉ ነገሩ እንዲቀየር አድርጎ የሠራ ሰው በየቀኑ የሚሰካ የሚነቀለውን ነገር ሰሌዳ ላይ መበየዱ አይገባኝም። ሲገዛ ቻርጀሩን ሰክቶ ግራ ቀኝ ማነቃነቅ ነው። ታንደርቦልት የሚባለው ቀዳዳ ደግሞ ከፋብሪካ በወጣበት ሶፍትዌር ከቆየ ሊበላሽ ይችላል፤ ማስተካከያው ወጥቷል፣ መጫኑን ማረጋገጥ ግን የገዢው ነው። ስክሪኑም አንድ ዓይነት አይደለም፤ 1366 በ768 የሆነው ደብዛዛ ነው፣ ከጎን ሲያዩት ይገረጣል። 1920 በ1080 የሆነውን ፈልጉ። አጠገባችሁ ቆሞ ፔስ የሚያይ ጓደኛ ካላችሁ ልዩነቱን እሱ ይነግራችኋል።

«ግን ጥቁር ነው፤ ምን ውበት አለው?» አለ ልጁ። ጥቁርነቱ ታሪክ አለው። የመጀመሪያውን ቲንክፓድ፣ የአይቢኤምን 700ሲ፣ እንደ ፈረንጆቹ በ1992 መልክ የሰጠው ሚላን ይሠራ የነበረው ጀርመናዊው ሪቻርድ ሳፐር ነው። ሐሳቡን ያገኘው ከጃፓን የምሳ ዕቃ ነው ይባላል፦ ከውጭ ጥቁር ሳጥን፣ ውስጡ ምን እንዳለ የሚታወቀው ክዳኑ ሲነሳ ብቻ። ስሙ በ2005 ወደ ሌኖቮ ሲሻገር ሳጥኑም አብሮ ተሻገረ፤ መሀል ኪቦርዱ ላይ ያለችው ቀይ ነጥብም። እንደ ፈረንጆቹ በ2019 የመጣው ቲ490 ግን ቀጠነ፤ የውጪው ባትሪ ቀረ፣ ከሁለቱ ራሞች አንዱ ሰሌዳው ላይ ተበየደ። የኋለኛው ሁሉ የተሻለ ነው ብሎ ለሚያስብ ገዢ ይህ ጥሩ ማስጠንቀቂያ ነው።

አሁን ስለ ስድስተኛው ብሎን። እንዲህ ያለው ብሎን አይጠፋም፤ እንዳይጠፋ ተብሎ ነው የተሠራው። ባለሙያው ቀዳዳውን በስልኩ ባትሪ አብርቶ አሳየኝ፤ ቀለበቱ ተቀዷል፣ ዙሪያው በፒንሳ ጥርስ ተጭሯል። ከዚህ በፊት የከፈተው ሰው ብሎኑ አልወጣ ሲለው የተበላሸ መስሎት ጎትቶ አውጥቶታል። «ላላ እኮ ነበር» አለ ባለሙያው፣ የራሱ ዕቃ የተጎዳ ያህል አዝኖ።

ልጁ በአምስት ብሎን ወደ ዩኒቨርሲቲው ኦዳያ ግቢ ይዞት ሄደ። አዲስ አበባ ዩዝድ ዕቃ የሚፈታበት ቤት የምታውቁ ካላችሁ፣ የቲ480 መክደኛ ብሎን አንዲት ብቻ፣ ከነቀለበቷ፣ አደራ።