ጥቁሩ መስኮትና መኪና ግርግር

ሐረር የወረድኩት ለዘመድ ሠርግ ነው። ለሠርጉ የያዝኩት ሱሪ አራት ጣት ያህል ረዝሞብኝ፣ ላሳጥረው በፌስታል አንጠልጥዬ ፈረስ መጋላ ስደርስ የእህቴ ልጅ አንድ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ኮምፒዩተሩን ዘርግቶ አገኘሁት። ይህ ልጅ ከሐረር ሳይወጣ የሩቅ አገር ሰርቨር እየጠበቀ ደመወዝ የሚበላ የዘመኑ ሰው ነው። ታዲያ ስክሪኑን ጎንበስ ብዬ ባየው ጥቁር ነው። ጥላሸት የመሰለ ጥቁር፣ በላዩ ነጫጭ የፈረንጅ ፊደል የተዘራበት። ሥዕል የለ፣ የሚጫኑት ምልክት የለ፣ ማውስ የሚባል ነገር በአካባቢው የለ። ሻይ የምታቀርበው ልጅ እንኳ አዝናለት «ተበላሸብህ እንዴ?» አለችው።

«ኧረ እየጻፍኩ ነው!»

እኔም አላስቻለኝም። «አንተ ልጅ፣ ዓለም የት ደርሶ አንተ አሁንም እዚህ ነህ? ደህና ፕሮግራም አትገዛም?» አልኩት። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ነፃ ነው» አለኝ። ነፃ መሆኑማ ያስታውቃል!

ፕሮግራሙ ቪም ይባላል። ብራም ሙሌናር የተባለ ሆላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጣው ሲሆን፣ ሰውየው በ2023 እስከሞተበት ጊዜ ድረስ ሲያሻሽለው ኖሯል። ለሥራው ዋጋ አልጠየቀም። የወደደው ሰው ለዩጋንዳ ሕፃናት እርዳታ እንዲሰጥ ብቻ ነበር የሚለምነው፤ ልመናውም ፕሮግራሙ ሲከፈት ስክሪኑ ላይ ይነበባል። የቪም አባት ደግሞ ቪአይ ነው። እሱን ቢል ጆይ የሚባል የበርክሌይ ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1976 መሥራት ሲጀምር፣ ከቤቱ ሆኖ ከዩኒቨርሲቲው ኮምፒዩተር ጋር የሚገናኘው በቀርፋፋ የስልክ መስመር ነበር። መስመሩ በሰከንድ 30 ፊደል ያህል ነው የሚያሳልፈው። አንድ ስክሪን ሙሉ ጽሑፍ እስኪመጣ አንድ ደቂቃ ይፈጃል ማለት ነው። እንዲህ ባለ መስመር ላይ የሚሠራ ሰው ቁጠባ ይማራል። አንድ መስመር ለማጥፋት «ዲ»ን ሁለቴ መንካት ይበቃል። ወደ ግራ፣ ወደ ታች፣ ወደ ላይ፣ ወደ ቀኝ ለመሄድ ኤች፣ ጄ፣ ኬ፣ ኤል። ፊደላቱ የተመረጡት ለፍልስፍና አይደለም፤ ጆይ ይጠቀምበት በነበረው ኪቦርድ ላይ የአቅጣጫ ቀስቶቹ የተሳሉት እነሱ ላይ ስለነበር ነው።

ይህን ታሪክ ስሰማ ነገሩ ገባኝ። እንደ መርካቶ ታክሲ ወረፋ የሚያስጠብቅ ኢንተርኔት ለለመደ ሐረር ላለ ልጅ፣ ለቀርፋፋ መስመር የተሠራ ዕቃ አሮጌ አይደለም። ደግሞም ቪአይ ወይም ዘመዱ የሌለበት የዩኒክስና የሊኑክስ ሰርቨር ማግኘት ይቸግራል። የትም ቢልኩት ጣቱ የሚያውቀውን ዕቃ እዚያው ያገኘዋል።

ሱሪዬን ይዘን ወደ መኪና ግርግር ወረድን። ሐረርን ለማያውቅ ሰው፣ ከፈረስ መጋላ ወደ ጊድር መጋላ የሚወርደው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ነው፤ ስሙም የስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው። ሱሪዬን የተቀበለኝ ሰው ፊት ያለው የእግር መኪና ከእኔ በዕድሜ የሚያንስ አይመስልም። ለምን የኤሌክትሪክ አትገዛም ብዬ እሱንም ልመክረው ቃጣኝ (ያን ቀን መካሪነቴ ብሶብኝ ነበር)። ሰውየው ከጨርቁ ቀና ሳይል «መብራት ይሄዳል፤ እግሬ የት ይሄድብኛል?» ብሎኝ መርገጡን ቀጠለ። የእህቴ ልጅ ጎኔን ጎሰም አደረገኝ።

ይሁንና ልጁን ሙሉ በሙሉ አላመሰግነውም። የጥቁሩ መስኮት ወዳጆች መጠነኛ ጉራ አለባቸው። ማውስ የሚነካውን ሰው ሁሉ ገና ጥርሱን ያላወጣ አድርገው ያዩታል። ዕቃቸው ለጀማሪ ጨካኝ መሆኑን ደግሞ እንደ ማዕረግ ይቆጥሩታል። እ.ኤ.አ. በ2017 ስታክ ኦቨርፍሎ፣ ከቪም እንዴት እንደሚወጣ የሚጠይቀው ጥያቄ ከአንድ ሚሊዮን ጊዜ በላይ መታየቱን አስታውቆ ነበር። መግባቱንስ ገባን፣ በሩን የት አደረጋችሁት ነው ነገሩ! ሰው መውጫውን ፈልጎ የሚጨነቅበትን ቤት «ሲለምዱት ይጥማል» ብሎ ማለፍ ለእኔ አይዋጥልኝም።

ከዚህ የባሰው ደግሞ አማርኛ ነው። ቪም ትእዛዝ የሚቀበለው በላቲን ፊደል ነው። ኪቦርዱን ወደ ግዕዝ አዙረህ «ዲ»ን ስትነካ «ድ» ይመጣል፤ ፕሮግራሙም ምን እንዳልከው አያውቅም። ስለዚህ ከመጻፍ ወደ ማረም በተሻገርክ ቁጥር ኪቦርድ ማዞር ሊኖርብህ ነው። በዚያ ላይ ተርሚናሉ ለእያንዳንዱ ፊደል እኩል ጠባብ ክፍል ስለሚሰጥ፣ ሰፋፊዎቹ ፊደሎቻችን ጎረቤታቸው ላይ ይወጣሉ። ልጁን «አማርኛ በምን ትጽፋለህ?» ብለው «በስልኬ» አለኝ። ይኸው ነው ታማኝነቱ። የገዛ ቋንቋውን ለማያውቅ ዕቃ ጣቱን ሰጥቷል።

አሮጌ ሁሉ ግን እንዲህ አይደለም። የቪአይ እኩያና ተቀናቃኝ የሆነው ኢማክስ እ.ኤ.አ. በ1997 በወጣው 20ኛ እትሙ ውስጥ የግዕዝ ፊደል ነበረው። ፊደላችን ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 መሆኑን ልብ ይሏል። ዛሬም በዓለም ቋንቋዎች ሰላምታ የሚያቀርበውን የኢማክስ ገጽ የከፈተ ሰው ከአማርኛ አንጻር «ሠላም» የሚል ያገኛል። በንጉሡ ሠ መጻፉ ሊያከራክር ይችላል፤ ሰላምታው ግን አለ።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። እኔም ታማኝ ነበርኩ። በ1996 ዓ.ም. እናቴ በልጅነቷ ሐረር እንዴት እንደገባች ስትነግረኝ፣ አንድ አርባ ገጽ ያህል በኮምፒዩተር ጽፌ ነበር። ዩኒኮድ ፊደላችንን ከተቀበለ ዓመታት አልፈዋል። እኔ ግን ጣቴ የለመደውን የድሮውን የአማርኛ መጻፊያ አልለቅም ብዬ በእሱው ቀጠልኩ። እናቴ አርፋለች። የታተመው ወረቀት ቤት ስንቀይር ጠፋ። የቀረው ፋይሉ ነው፤ እሱም ሲከፈት የፈረንጅ ፊደልና የጥያቄ ምልክት ዝባዝንኬ ሆነ።

ምክንያቱን ያስረዳኝ የእህቴ ልጅ ነው። በዚያን ዘመን አንድ ፎንት የሚይዘው ቢበዛ 256 ምልክት ነበር። የእኛ ፊደል ደግሞ ከሦስት መቶ በላይ ስለሆነ ለሁለትና ለሦስት ፎንት ይከፋፈላል። አንዱ ቁጥር በአንደኛው ፎንት አንድ ፊደል ነው፣ በሁለተኛው ሌላ። ጽሑፉ ውስጥ የተቀመጠው ፊደሉ ሳይሆን ቁጥሩ ነበር። በእግር መኪና የተሰፋን ሱሪ የኤሌክትሪክ መኪና ያለው ሰው ፈትቶ ይሰፋዋል። የልጁን የጥቁር መስኮት ጽሑፍም ማንኛውም ፕሮግራም ይከፍተዋል፤ ግልጽ ጽሑፍ ነውና። የእኔ ልማድ ግን ልብሱን ከመኪናው ጋር አብሮ የሰፋ ልማድ ነበር። የልጁ ግትርነት የሚያስቸግረው እሱን ነው፤ የእኔ የተረፈው ለሌላ ሰው ነው። አሁንም በአሮጌ ፎንት ደብዳቤ ጽፈው በኢሜይል ሲልኩልኝ «እኛ ጋ ይነበባል» የሚሉኝ ሰዎች አሉና ብቻዬን አይደለሁም።

ሠርጉ ባለፈ ማግስት ልጁ ያንን ፋይል በጥቁሩ መስኮት ከፈተው። ቁጥሩን ከፊደል እያዛመደ መተኪያ ሰንጠረዥ ሠራና፣ በኬና በጄ ሽቅብ ቁልቁል እያለ እስከ ማታ ተቀመጠበት። አያቱ ናትና ሥራ ነው አላለም። አብዛኛው ወጣ። አንድ ቁጥር ለሁለት ፊደል በሚሆንበት ቦታ ከቃሉ እየገመትን ሞላነው፤ «ፈረስ»ን ማን ያጣዋል?

ስሞቹ ላይ ግን ቆምን። እናቴ ሐረር በገባች ዕለት ፈረስ መጋላ ላይ አግኝቷት ቤቱ ያሳደራት ሰው ስም «ታደ» ይልና፣ ቀጥሎ ያለው ቁጥር «ሰ»ም «ለ»ም ይሆናል። ለእህቴ ደወልን፤ አታስታውስም። «ታደሰ ነው ታደለ? የቱን ላድርግ ጋሼ?» አለኝ ልጁ፣ ጣቱን ኪቦርዱ ላይ እንዳደረገ።

ክፍት ተወው አልኩት።