የ1969ኙ የክሮስማች ጥናት ዳግም ሲነበብ

ፓቴልና ቴራሳኪ እ.ኤ.አ. በ1969 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን ያወጡት ጥናት፣ በኩላሊት ንቅለ ተከላ መስክ እስከ ዛሬ ከሚጠቀሱት ቀዳሚዎች አንዱ ነው። ክሮስማቻቸው ፖዘቲቭ ከነበረ 30 ተቀባዮች መካከል የ24ቱ ኩላሊት ወዲያውኑ ከጥቅም ውጭ ሆነ፤ ኔጌቲቭ ከነበሩት 195 ተቀባዮች ግን ይህ የደረሰው በ8ቱ ላይ ብቻ ነበር። ዘዴው ቀላል ነው። የተቀባዩ ሴረም ከለጋሹ ሊምፎሳይቶች ጋር ይቀላቀላል፤ ኮምፕሊመንት ይጨመርበታል፤ የሞቱት ሴሎች በማቅለሚያ ተለይተው በማይክሮስኮፕ ይታያሉ።

አንባቢ ሁሉ 24ቱን ያስታውሳል። ይህ ጸሐፊ ግን ይበልጥ የሚያስተምሩት የቀሩት 6ቱና 8ቱ ናቸው ይላል። ሴል የሚገድል አንቲቦዲ ሁሉ ኩላሊት አይገድልም፤ በተቀባዩ በራሱ ሴሎች ላይ የተነሣ አይ ጂ ኤም ውጤቱን ፖዘቲቭ ሊያደርገው ይችላል። በአንጻሩ መጠኑ ያነሰ ወይም ኮምፕሊመንትን የማይስብ አንቲቦዲ በዚህ ምርመራ ሳይታይ ያልፋል። ፍሎው ሳይቶሜትሪ፣ ኋላም በሉሚኔክስ የሚነበቡት ባለ አንድ አንቲጂን ቅንጣቶች ይህን ክፍተት አጥብበዋል፤ ይሁን እንጂ ጉዳት የማያደርስ አንቲቦዲንም እየለቀሙ ሐኪሙን ያስደነግጣሉ።

በአገራችን ንቅለ ተከላ እ.ኤ.አ. በ2015 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ የተጀመረው ከሕያው ዘመድ በሚለገስ ኩላሊት ነው። ስለዚህ ጥያቄው ለእኛ የቤተሰብ ጥያቄ ነው። አባትና እናት ከአንድ ልጃቸው ኩላሊት ለመቀበል ቢመረመሩ፣ ልጁ ከእያንዳንዳቸው አንድ ሃፕሎታይፕ ስለወረሰ በኤች ኤል ኤ ምደባ ሁለቱም ቢያንስ በግማሽ ይገጥማሉ። አደጋቸው ግን እኩል አይደለም። እናቲቱ ያንን ልጅ ስታረግዝ ከአባቱ የወረሳቸውን አንቲጂኖች ሰውነቷ አውቋቸው፣ አንቲቦዲ አዘጋጅቶባቸው ሊሆን ይችላል። አንቲቦዲው ከዓመታት በኋላ ቀንሶ ክሮስማቹ ኔጌቲቭ ቢወጣም፣ የሰውነቷ ትውስታ አይጠፋም። ከባሏ ብትቀበልም ነገሩ ያው ነው። «ከስድስት ሦስት» የሚለው ቁጥር ስለዚህ ሁሉ አንዳች አይናገርም፤ ነገር ግን በውይይት ላይ አስቀድሞ የሚነበበውና ብዙ ጊዜም ክርክሩን የሚዘጋው እርሱ መሆኑን ታዝቤአለሁ።

ይህን ክፍተት የሚሞላው በአመዛኙ ውድ መሣሪያ ሳይሆን የሕመምተኛው ታሪክ ነው፦ የእርግዝና ብዛት፣ ውርጃን ጨምሮ፤ ደም የተሰጠበት ጊዜና መጠን፤ ቀደም ያለ ንቅለ ተከላ። ዲያሊሲስ ላይ ላለ ሕመምተኛ ለደም ማነስ ደም የሚያዝ ሐኪምም፣ ነገ የሚገኘውን ለጋሽ እያሰበ ቢያዝ መልካም ነው። ሴረሙም ከእያንዳንዱ ደም መስጠት በኋላ እንደገና ተወስዶ ሊመረመር ይገባል፤ ከዚያ በፊት የተወሰደው ናሙና አዲሱን አንቲቦዲ አያሳይምና።