ከቦዲው በፊት ሌንሱ

ፎቶ አንሺዎች ስንገናኝ ጨዋታው ዞሮ ዞሮ ካኖን፣ ኒኮንና ሶኒ ላይ ያርፋል። ክርክሩ የሚጦፈው በቦዲ፣ በካሜራው አካል ነው። እኔ ግን አስቀድሜ የማየው ሌንሱ የሚገጠምበትን ቀለበት፣ ማውንቱን ነው። ቦዲ ቶሎ ያረጃል፤ ገንዘባችን የሚቀመጠው ሌንስ ላይ ነው።

ኒኮን ኤፍ ማውንትን እ.ኤ.አ. በ1959፣ ካኖን ኢኤፍን በ1987 አወጡ። ባለሙያው ለአሥርት ዓመታት ከቤታቸው ያልወጣው በነዚህ ቀለበቶች ታስሮ ነው። ሶኒ በ2013 መስታወት የሌለውን ባለ ሙሉ ፍሬም ኤ7 አመጣ፤ ሁለቱ ነባሮች በዚሁ መስክ የተከተሉት በ2018 ነው። መስታወቱ ሲወጣ ሌንሱ ወደ ሴንሰሩ ይጠጋል፦ በኒኮን ኤፍ 46.5 ሚሊ ሜትር የነበረው ርቀት በአዲሱ ዜድ ማውንት 16 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ ማውንቱ መለወጥ ነበረበት። የድሮው ሌንስ በአዳፕተር ይሠራል፤ ቢሆንም ማሰሪያው ላልቷል። ለአዲስ ሌንስ ማውጣት ካልቀረ ሶኒንም ማየት አይከፋም ያለው ብዙ ነው። ሶኒ ደግሞ ከ2011 ጀምሮ የማውንቱን መሠረታዊ ዝርዝር ለሌሎች ሌንስ ሠሪዎች ከፍቶ ነበርና ሲግማና ታምሮን በረከሰ ዋጋ ጥሩ ጥሩ ሌንስ ይዘው ገቡ። ለኔ ከሁሉም የሚበልጠው ውሳኔ ይህ ነው።

የፉክክሩን ፍሬ የማየው ተክሊል ላይ ነው። ካህኑ አክሊሉን ሲደፉ፣ ቅዳሴው ዝግ ሲል፣ የመስታወቱ ቻክ ቻክ ጸሎት ይረብሽ ነበር። ዛሬ ድምፅ አልባው ሹተር አለ። ግን ሴንሰሩ ምስሉን መስመር በመስመር ስለሚያነብ፣ ኤልኢዲ አምፖል ሲርገበገብ ነጩ ካባ ላይ ጥላ የመሰለ ሸንተረር ይጋደማል። ኒኮን በ2021 ዜድ9ን ያለ ሜካኒካል ሹተር ለማቅረብ የደፈረው ንባቡን እጅግ ስላፈጠነ ነው። ሶኒም በ2023 ኤ9 3ን ሁሉንም ነጥብ በአንድ ቅጽበት በሚያነብ ሴንሰር አስተዋወቀ። አንዱ ብቻውን ቢሆን ኖሮ እንዲህ የሚቻኮል አይመስለኝም።

ካኖን ግን በአዲሱ አርኤፍ ማውንቱ ለሌሎች ሌንስ ሠሪዎች ረዘም ላለ ጊዜ በሩን ዘግቶ ቆይቷል፤ በ2024 ለሲግማና ለታምሮን የከፈተውም ከሙሉ ፍሬም ለሚያንሰው ሴንሰር ነው። ቀለሙን፣ በተለይ የፊት ቀለሙን እወድለታለሁ፤ በሌንስ ምርጫው ግን ቅር ይለኛል።

ካሜራ ሊገዛ ያሰበ ወጣት ሲያማክረኝ መጀመሪያ የምጠይቀው አብረውት የሚሠሩት ልጆች የያዙትን ማውንት ነው። ሰርግ ሊያነሳ ወጥቶ ሌንሱ ቢበላሽ፣ ከጎኑ ካለው ተውሶ መግጠም የሚችለው ማውንታቸው አንድ ከሆነ ነው።