ጥሩምባ ከመነፋቱ በፊት

እድር ባይኖረን ኖሮ ምን ይውጠን ነበር? መንግሥት ሲቀያየር፣ ሰፈር ሲፈርስ፣ ኑሮ ሲወደድ እድር አለ። ድንኳኑም፣ ብረት ድስቱም፣ ጥሩምባ ነፊውም አለ። ማን ከፈለ፣ ማን ቀረ፣ ማን ተቀጣ፣ ሁሉም ከጸሐፊው መዝገብ ላይ ሰፍሯል። የሰፈሩን ሰው ከጤና ጣቢያው ይልቅ እድሩ ያውቀዋል ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

ስለዚህ የጤና ሰዎች የማኅፀን በር ካንሰር ምርመራን በእድር በኩል ለሴቶች እናድርስ ማለታቸው ደግ ሐሳብ ነው። ጠቤ ከአደራረጉ ጋር ነው።

አምና በእኛ እድር ስብሰባ ላይ፣ ስለ ድንኳኑ መቀደድ ግማሽ ሰዓት ከተከራከርን በኋላ፣ ከአንድ ድርጅት የመጣ ወጣት ተነሥቶ ስለ “ማኅፀን በር ጫፍ ቅድመ ካንሰር ልየታ” አስረዳን። አጨበጨብን። ይሁንና ከተሰብሳቢው ሴቶች በጣት የምንቆጠር ነበርን። የተመዘገበው አባወራው ነዋ! እኔም ባለቤቴ መንገድ ስለሄደ ወክዬው ነው የተገኘሁት። አባወራው ቤቱ ገብቶ “ዛሬ ስለ ማኅፀን በር ተነገረን” ይላታል ብሎ የሚጠብቅ ካለ የአገራችንን ባል አያውቀውም።

ቃሉስ ቢሆን? አጠገቤ የነበሩትን እናት “ምን ገባዎት?” ብላቸው፣ “በሽተኛውን ከጤነኛው ሊለዩ ነው መሰለኝ” አሉኝ። አልፈረድኩባቸውም፤ “ልየታ” የሚለው ይህንኑ ነው። ተለይቶ መውጣት የሚወድ ማን አለ?

ነገሩ እኮ የሚያስፈራ አልነበረም። ነርሷ የማኅፀኑን በር በቀጭኑ አሴቲክ አሲድ ትቀባዋለች፤ አቼቶ ውስጥ ያለው ያው አሲድ ነው። ጥቂት ትጠብቃለች። የተለወጠ ነገር ካለ ነጭ ሆኖ በዓይን ይታያል፤ የሚቻል ከሆነም በዚያው ቀን በማቀዝቀዝ ወይም በሙቀት ይታከማል። በተለይ የሚፈለጉት ከ30 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶች ናቸው። ኤችአይቪ በደሟ ያለባት ደግሞ ቀደም ብላ፣ ቶሎ ቶሎ መታየት አለባት። የበሽታው መነሻ ኤችፒቪ የሚባል ቫይረስ ሲሆን፣ ካንሰር እስኪሆን አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። አሥር ዓመት! ይህን ያህል ጊዜ ተሰጥቶን እንኳ፣ በአገራችን ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ብዙ ሴቶችን የሚያጠቃው እሱ ነው። ብዙዎቹም ጥቁር አንበሳ የሚደርሱት ከረፈደ በኋላ ነው። ልጃገረዶች ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ክትባቱን እያገኙ ነው። ለእናቶቻቸው የቀረው ምርመራው ነው።

እድር ለቀብር ብቻ ነው የሚሉኝ አሉ። በኤችአይቪ ክፉ ዘመን ስንቱ እድር ደንቡን አሻሽሎ በሽተኛ ሲያስታምም፣ ወላጅ ያጡ ሕፃናትን ሲረዳ አልነበረም እንዴ? ለቅሶ ሲሆን ውኃ የሚቀዳው፣ ወንበር የሚደረድረው፣ የሚያድረው በተራ ይመደባል። ለምርመራም እንዲሁ ከጤና ጣቢያው ጋር ቀን ይቆረጥ፤ አሥር ሴቶች አብረው ይሂዱ፤ ልጆቻቸውን የምትጠብቅ ጎረቤት ትመደብ። ወሬውን ደግሞ በሴቶች እድር፣ በማርያም ማኅበር፣ ቡና ላይ፣ ተመርምራ የተመለሰች ሴት ታውራው። ውጤቱ ግን የእሷና የነርሷ ብቻ ይሁን፤ ጸሐፊው መዝገብ ላይ አንዲት መስመር እንዳይጽፍ። የእድር ወሬ ከጥሩምባ ይፈጥናል።

ከሁሉ የሚከነክነኝ ግን በየትኛውም መዝገብ ላይ የሌለችው ናት። ሠላሳ ዓመት አልፏት በሰው ቤት የምትሠራዋ፣ ድንጋይ የምትሸከመዋ፣ በየስድስት ወሩ ቤት የምትቀይረዋ ተከራይ። እድር የላትም። ለዳኛችን ይህንን ባነሳላቸው “ልጄ፣ ደንቡ ለአባል ነው” አሉኝ። ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ጤና ጣቢያው ምርመራውን የሚሰጠው በሥራ ቀን ነው፤ ሠራተኛይቱ የምትሄደው አሠሪዋ ስትፈቅድ ነው፤ አሠሪዋ ደግሞ የእድራችን አባል ናት። “እስኪ አንድ ጠዋት ልቀቂያት” ብሎ ሊጠይቃት የሚችል፣ ከእድሩ የቀረበ ሌላ ማን አለ? ለሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ አጀንዳ ይያዝልኝ ብዬ ለጸሐፊው በጽሑፍ ሰጥቻለሁ።