ግድግዳው ላይ የቀሩት ቢራቢሮዎች

በዚህ እትም ስለ አንድ የሕፃናት መጽሐፍና መጽሐፉን ተከትሎ በየመዋዕለ ሕፃናቱ ስለሚሠራው የቢራቢሮ የእጅ ሥራ የታዘብኩትን ላካፍላችሁ። «ደግሞ ለቢራቢሮ ሂስ ይጻፋል?» የምትሉ አትጠፉም። እስኪ ጨርሳችሁ ፍረዱ።

መጽሐፉ አሜሪካዊው ሠዓሊ ኤሪክ ካርል እ.ኤ.አ. በ1969 ያወጣው «በጣም የራበው አባጨጓሬ» ነው። ከ60 በላይ በሆኑ ቋንቋዎች ተተርጉሟል። ደራሲው እ.ኤ.አ. በ2021 ቢያርፍም ስለ ቢራቢሮ ለማስተማር የተነሣ መምህር ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያነሣው ይህንኑ ነው። ታሪኩ አጭር ነው። ከእንቁላል የወጣ አንድ ትንሽ አባጨጓሬ ሰኞ አንድ ፍሬ፣ ማክሰኞ ሁለት፣ ረቡዕ ሦስት እያለ እስከ ዓርብ ይበላል። ቅዳሜ ኬክ፣ አይስክሬም፣ አይብ፣ ሳላሚና ሌላም ሌላም፣ በጠቅላላው አሥር ዓይነት ምግብ ይበላና ሆዱን ያመዋል። እሑድ አንድ አረንጓዴ ቅጠል በልቶ ይሻለዋል። ከዚያ ቤት ሠርቶ ይገባና ቢራቢሮ ሆኖ ይወጣል።

እኔ ይህን መጽሐፍ ያስተማርኩት ካርቱም፣ ደይም ሰፈር ነው። በአንድ ግቢ ውስጥ ከአራት እስከ ስድስት ዓመት የሆኑ 27 ልጆች ነበሩን። የብዙዎቹ እናቶች ቀኑን ሙሉ መንገድ ዳር ሻይ ሲሸጡ የሚውሉ ናቸው። ግቢው ውስጥ አንድ የሎሚ ዛፍ ነበር። ይህን ዛፍ ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ የመጽሐፉን ጥሩ ጎን ልናገር። ገጾቹ ላይ አባጨጓሬው የበላበት ቦታ በእውነት የተበሳ ነው፤ የልጅ ጣት ልክ ይገባበታል። ቀናትንና ቁጥርን በአንድ ላይ ለማስተማር ከዚህ የተሻለ አላየሁም። ማንበብ የማይችል ልጅ በጣቱ እየተከተለ ታሪኩን ይናገራል። ሰኞንና ማክሰኞን ከኔ ይልቅ ያስተማራቸው እሱ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ችግሩ የሚመጣው የቁጥሩን መጽሐፍ የሳይንስ መጽሐፍ ስናደርገው ነው።

አንደኛ፣ ስሙ። እኛ «አባጨጓሬ» ስንል ልጁ የሚያውቀው ያንን ጠጉራሙን፣ ሲነኩት የሚለበልበውን ነው። ብዙ የቢራቢሮ እጮች ግን ጠጉር የላቸውም፣ አይለበልቡም። አንድ ቀን አንድ ልጅ ከሎሚው ዛፍ ሥር ነጠላ ጫማውን ይዞ እየሮጠ መጣና «ቲቸር፣ አባጨጓሬ ገደልኩልሽ!» አለኝ። እኔም «ጎበዝ» አልኩት። ክፍል ገብተን ደግሞ ስለ ቢራቢሮ ዘመርን።

ሁለተኛ፣ ምግቡ። እጭ ኬክም ሳላሚም አይበላም። እንዲያውም በምግብ በኩል በጣም መራጭ ነው። የሎሚ ቢራቢሮ እጭ የሎሚና የብርቱካን ዘመድ የሆነ ቅጠል ካላገኘ ሌላ ቅጠል አጠገቡ እያለ በረሃብ ሊሞት ይችላል። ጀርመናዊቷ ማሪያ ሲቢላ ሜሪያን ገና በ13 ዓመቷ የሐር ትል እያሳደገች መመልከት ጀመረች። እ.ኤ.አ. በ1679 ባሳተመችው መጽሐፍም እያንዳንዱን እጭ ከሚበላው ተክል ጋር አብራ ሣለች። ማለትም ነፍሳቱን ከምግባቸው ነጥላ አላሳየችም። እኛ ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ኬክ ላይ አስቀመጥነው።

ስለ ምግቡ ሌላም ነገር አለ። የቅዳሜውን ገጽ ስገልጥ አንዲት ልጅ «ያን ሁሉ ማን ሰጠው?» ብላ ጠየቀችኝ። ሌሎቹም ዝም ብለው አዩኝ። ምን ልበላት? ጠግቦ ለሚያድር ልጅ የሚያስቅ ገጽ ራት ለማያገኝ ልጅ ሌላ ጥያቄ ነው። መጽሐፉን አልኮንንም፤ ለማን እንደምናነብ ግን ማሰብ አለብን።

ሦስተኛ፣ ቤቱ። በመጽሐፉ ላይ አባጨጓሬው ዙሪያውን ቤት ይሠራና ቀዳዳ በልቶ ይወጣል። የሐር ቤት ፈትለው የሚገቡት ግን በአብዛኛው የእሳት እራት እጮች ናቸው፤ የሐር ትልም ከነሱ አንዱ ነው። የቢራቢሮው እጭ የመጨረሻ ቆዳውን ሲገፍ ከሥሩ ያለው ራሱ ጠንካራ ልባስ ሆኖ ይታያል። ፑፓ የሚባለው ይህ ነው። ስለዚህ «ቤት ሠርቶ ገባ» ብሎ ማስተማር የለውጡን ትልቁን ነገር መደበቅ ነው። እንስሳው ራሱ ተለወጠ እንጂ የትም አልገባም።

አሁን ወደ እጅ ሥራው ልምጣ። ከአንድ ስልጠና ይዘነው የመጣነው መመሪያ የቢራቢሮን የሕይወት ዑደት በፓስታ ሥሩ ይላል። ሩዝ ለእንቁላል፣ ጥምዝ ማካሮኒ ለእጭ፣ የዛጎል ቅርጽ ያለው ለፑፓ፣ የቢራቢሮ ቅርጽ ያለው ደግሞ ለቢራቢሮ፤ ሁሉም ወረቀት ላይ በሙጫ ይለጠፋል። ጎበዝ፣ እናስተውል እንጂ! በራሽን በሚኖር ሕዝብ መካከል ምግብ በሙጫ ለጥፎ ግድግዳ ላይ መስቀል ምን ዓይነት ትምህርት ነው? ልጆቹ ፓስታውን በጎን ኪሳቸው ሲከቱት አይቼ እንዳላየሁ ሆንኩ።

ስለዚህ ወረቀት መረጥኩ። እንግዶች ይመጣሉ ስለተባለ እስከ እኩለ ሌሊት ቁጭ ብዬ 27 አንድ ዓይነት ክንፍ ቆረጥኩ። ልጆቹ ቀለም ብቻ ቀቡ። ያቺው የጠየቀችኝ ልጅ ግን ከክንፉ በፊት እጩን ሥሩ ስላቸው ቡናማና ነጭ ዥንጉርጉር፣ የወፍ ኩስ የሚመስል ነገር ሣለች። «ይሄ ትል አይደለም፤ አረንጓዴ አድርጊው» አልኳት። «ዛፉ ላይ እንዲህ ነው» አለች። እንደገና አሠራኋት። አረንጓዴ አደረገችው። እንግዶቹ መጥተው ግድግዳውን አደነቁ፣ ፎቶ አነሡ፣ ሄዱ።

እ.ኤ.አ. አፕሪል 15 ቀን 2023፣ የትንሣኤ ዋዜማ ቅዳሜ፣ ካርቱም ላይ ጦርነቱ ተጀመረ። ልጆቹ ከየቤተሰቦቻቸው ጋር ተበተኑ። ቢራቢሮዎቹ ግድግዳው ላይ ቀሩ።

ካምፕ ከገባሁ በኋላ በአቅራቢያችን ካለው መንደር አንድ የሎሚ ዛፍ ሥር ውኃ ስጠብቅ ቅጠሉ ላይ የወፍ ኩስ የሚመስል ነገር አየሁ። ተንቀሳቀሰ። የሎሚ ቢራቢሮ እጭ ነበር። በልጅነቱ ወፍ እንዳትበላው ኩስ ይመስላል፤ ሲያድግ ነው አረንጓዴ የሚሆነው። በጣቴ ስነካው ከራሱ ላይ ሹካ የመሰለ ብርቱካንማ ቀንድ አወጣ፤ ሽታው አፍንጫ ይመታል። ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ ሁለት ዓመት ተምሬ ያቋረጥኩ ነኝ። የሕይወት ዑደቱን ጥቁር ሰሌዳ ላይ አሳምሬ እሥላለሁ። ዛፉን ግን ቀና ብዬ አላየሁትም ነበር። ያየችው የአምስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ያየችውንም አስደመሰስኳት።

ሂሴ እንግዲህ ከመጽሐፉ ይልቅ ወደ ራሳችን ያመዝናል። የእጅ ሥራ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። መቀስና ቀለም ጣት ያፍታታል፣ በጦርነት ለተረበሸ ልጅም ማረፊያ ነው። ክፍላችን 60 እና 70 ልጅ እንደሚይዝም አውቃለሁ። ነገር ግን ማየት ይቅደም፣ መሥራት ይከተል። ያላየውን የሚሠራ ልጅ የሚገለብጠው እኛን ነው።

እኔ አሁን የማደርገውን ልንገራችሁ። የውኃ ፕላስቲክ ጠርሙስ አንገቱን ቆርጦ፣ አፉን በቀጭን ሻሽ ማሰር ይበቃል። እጩ ከነቅርንጫፉ ይገባል፤ በየቀኑ ከዚያው ዛፍ ትኩስ ቅጠል ይጨመራል፣ ኩሱ ይጠረጋል። ተረኛ ልጅ ይመደብ። ፑፓ ሲሆን አይነካ፤ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሳምንት አካባቢ ይቆያል። ቢራቢሮው ሲወጣ ክንፉ እስኪዘረጋና እስኪደርቅ ጠብቆ መልቀቅ ነው። ክንፉን በጣት መያዝ አይገባም፤ ጣት ላይ የሚቀረው ዱቄት የክንፉ ቅርፊት ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሱዳኖች «ኡሸር» በሚሉት፣ ሲቆረጥ ነጭ ወተት በሚያፈሰው ተክል ላይም የሚያምር ባለ መስመር እጭ ይገኛል። ክንፉ ብርቱካናማ የሆነ ቢራቢሮ ይወጣዋል። የተክሉ ወተት ግን መርዛማ ነው፤ ዓይን ከነካ ክፉኛ ይጎዳል። ልጆች ከሩቅ ይዩት እንጂ ቅጠሉን አይቁረጡ።

ከዚያ በኋላ ሥራው ይምጣ። ፓስታ አያስፈልግም፤ ጭቃ በደጃችን ሞልቷል። ወረቀት ለሁለት አጥፎ አንዱን ወገን በቀለም ቀብቶ ቢጫኑት ሁለቱ ክንፎች እኩል ሲወጡ ልጁ ራሱ ይደነቃል። አራት ክንፍ፣ ስድስት እግር መኖሩን ከጠርሙሱ ይቁጠር። ደግሞም የሚያምረውን ሳይሆን ልጁ ያየውን እንስቀል። እንግዳ ቢስቅ ይሳቅ።

መጽሐፉንም አልጣልኩትም። ቢራቢሮው በርሮ ከሄደ በኋላ አነብላቸዋለሁ። ባለፈው ጊዜ ኬኩ ላይ ስደርስ «ቲቸር፣ ውሸት ነው፤ እሱ የሚበላው ሎሚ ነው!» ብለው ጮኹብኝ። ደስ አለኝ። ግድግዳው ላይ ከቀሩት 27 ቢራቢሮዎች ይልቅ ያች አንዲት ተቃውሞ ትሻለኛለች።

የናንተን ልምድ ደግሞ ለዝግጅት ክፍሉ ጻፉልን። ቸር እንሰንብት።